ሴትዮዋ ከጥቁሩ እየወጣች ነው ወይስ እየገባችበት?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ሥዕል እዚህ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ውይይቱ በጣም ረዝሟል። አሁን አሁን የሚገባው ሰው ከላይ የተባለውን ሳያይ ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄውንና መልሶቹን በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ የጻፍኩት ሐሳቡን ነው። የራሴንም አስተያየት በየቦታው ጨምሬበታለሁ።

መነሻው ጥያቄ

ሥዕሉ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መሃሉ ላይ ጄሪካን ያዘለች ሴት አለች። ፊቷ፣ ትከሻዋና ገመዱን የጨበጠው እጇ በከሰል ጥርት ብለው ተሥለዋል። የጣቶቿ አንጓ ሳይቀር ይታያል። ከወገቧ በታች ግን ሰውነቷ ይጠፋል። ቀሚሷ ጭረት ይሆናል፣ ጭረቱ ጭቃ ይመስላል፣ ከዚያ በታች እግር ይሁን መሬት የማይለይ ጥቁር ብቻ ነው ያለው። በላይ በግራ በኩል ግራጫ አራት ማዕዘኖች አሉ። በቀኝ በኩል በላጲስ ተፍቆ የወጣ ነጭ ክብ አለ። የፊቷ ግማሽ በጋዜጣ ቁራጭ ተሸፍኗል። ከትከሻዋ የሚነሳ ቀይ ክር ወረቀቱን እየበሳ ወርዶ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ላይ ያልቃል። ከሥሩ በእጅ የተጻፈች ወረቀት አለች። ከሰል፣ ጥቁር ኢንክ፣ አክሪሊክ፣ ጋዜጣ፣ ክር፣ ከረጢትና አፈር፣ ባገለገለ ወረቀት ላይ ትላለች። ርዕስ የለውም። ሠሪው የሠፈሩ ወጣት ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነበር። ይህቺ ሴት ከጥቁሩ እየወጣች ነው ወይስ እየገባችበት? አቋሜንም አብሬ ጽፌያለሁ። ሰው የሚመስለውን ክፍል አይቶ የቀረውን እንደ ጌጥ ማለፍ ሥዕሉን በግማሽ ማየት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ፊት ስንቆም ምን ማለት ነው ከማለታችን በፊት ከምን እንደተሠራ፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ብንጠይቅ ይሻላል።

መልስ 1፦ የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ናት፤ በትህትና ጀመረች። ለእሷ ሴትዮዋ እየወጣች ነው። ጎህ ሳይቀድ ውኃ ፍለጋ ከቤቷ የወጣች እናት ናት። አራት ማዕዘኖቹ የኮንዶሚኒየም መስኮቶች፣ ነጩ ክብ ገና ያልጠለቀች ጨረቃ፣ የታችኛው ጥቁር ደግሞ ሌሊቱ ናቸው። ደስ የሚል ንባብ ነው፣ ሥዕሉን በአንድ ታሪክ ይሰበስበዋል። ነገር ግን ጥቁሩን አንዴ ሌሊት ብለን ከሰየምነው በኋላ ተመልሰን አናየውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

መልስ 2፦ ይህኛው ስለ መስኮቶቹ አልተስማማም። መስኮት ቢሆኑ በመስመር ይደረደሩ ነበር። እነዚህ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። እሱ የሚያየው ጣሪያ ላይ የተቀመጡ ሮቶዎችን ነው። ሮቶ ከሩቅ ከጎኑ ሲታይ ክብነቱ ጠፍቶ አራት ማዕዘን ይመስላል። ከዚያ ስለ ውኃ ፈረቃ ረጅም አንቀጽ ጨመረ። የውኃው ነገር ኋላም ይነሳል።

መልስ 3፦ ለረጅም ዓመት ሥዕል ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው። ውይይቱን ያቃኑት እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። ሥዕሉን ካፌው ድረስ ሄደው አይተውታል። ለጥያቄዬ በቀጥታ አልመለሱም፤ እንዴት እንደሚታይ ነው ያስረዱት። ከሰል በደረቀና በሻከረ ነገር ላይ ሲሄድ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ይነካል። ጎድጎድ ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ጭረቱ የተቆራረጠና ጥርጥር ያለበት ይመስላል። እርጥብ ነገር በከሰል ላይ ሲቀባ ደግሞ ከሰሉን እየጎተተ ይግራጨዋል። በዚህ ብቻ የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደሆነ መለየት ይቻላል። እሳቸው ባዩት መሠረት ቀሚሱ ጫፍ ላይ ጭቃው ከሰሉን ሸፍኖታል። ጉልበቷ ሊሆን በሚችልበት ቦታ ግን የከሰል ጭረት ከደረቀው ጭቃ በላይ ይሄዳል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ተሥላለች፣ ከዚያ ተቀብራለች፣ ከዚያ እንደገና ተሥላለች። እየወጣች ወይስ እየገባች ለሚለው ሥዕሉ ሁለቱንም ይዟል ማለት ነው፤ ግን በቅደም ተከተል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ውይይቱ እዚያ ቢያቆም እንኳ አይከፋኝም ነበር። አላቆመም።

መልስ 4፦ ቁጣው ከመጀመሪያው መስመር ይታያል። ከሰል ማበላሸት ማንም እንደሚችል፣ የእህቱ ልጅ ከዚህ የተሻለ እንደሚያቆሽሽ ጻፈ። ሠሪው እግር መሣል አቅቶት በጭቃ ሸፍኖታል የሚል ክስም አክሏል። ሰው ያልገባውን ሁሉ ረቂቅ ነው እያለ ያደንቃል ባይ ነው።

መልስ 5፦ ለዚህ የመለሰችው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የአለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። ክሱ አዲስ አለመሆኑን አስታወሰች። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ሲያሳይ ብዙ ተመልካች ግራ ተጋብቶ ነበር።   ጎልጎታ የተባለውን ሥራውን ያየ ሰው የተሰቀለውን አካል ያውቀዋል። ሥጋው ግን እንደምናውቀው ሥጋ አልተሣለም፤ ቀዩ ቀለም ራሱ ነው ሥቃዩን የሚሸከመው። እሱ ሰው መሣል አቅቶት አልነበረም። የዚህችንም ሴት ጣቶች ያየ ሰው ሠሪው እግር መሣል አቃተው ሊል አይችልም። ማየት ለሚፈልግ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም እንዳለም ጠቆመች። መልሷ ጠንከር ያለ ነበር፣ ግን ስድብ የለበትም።

መልስ 6፦ አንድ ሰው ከመልስ 4 ጋር መስማማቱን ብቻ ገልጾ ወጣ።

መልስ 7፦ ቀጥሎ የመጣው ዲያቆን ነው። ሁለት ነገር አነሳ። የመጀመሪያው ሰውንና ቅርጽን መቀላቀል ከውጭ የመጣ ነገር አለመሆኑ ነው። በብራና ክታብ ላይ ለፈውስና ለጥበቃ የሚሣለው ጠልሰም ለዚህ ምስክር ነው። እዚያ ላይ ዓይን አለ፣ ፊት አለ፣ ዙሪያውን ግን ኮከብና የተጠላለፈ መረብ ይከበዋል። ክታቡ ለሕመምተኛው ሲዘጋጅ ብራናው በቁመቱ ልክ ይለካ ነበር። ማለትም ምስሉ ሰውየውን ባይመስልም በልኩ የተሠራ ነው። ይህ እኔ ያላሰብኩት ነጥብ ነው፣ ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥቡ ግን እሳት ለኮሰ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ይህቺ ሴት የምትታየው በአንድ ዓይን ነው። ስለዚህ ሠሪው ሳያውቅም ቢሆን መጥፎ ምልክት አድርጎባታል ብሎ ሰጋ።

መልስ 8፦ ለዲያቆኑ የመጣለት መልስ ያሳዝናል። ውኃ የተሸከመች እናትን ከአጋንንት ጋር ደመራችኋት የሚል ነው፣ ጸያፍ ቃላትም ነበሩበት። አወያዩ ግማሹን ሰርዞታል። ዲያቆኑ ሕጉን ነው የተናገረው፣ ሴትዮዋን አልኮነናትም። ያለ ስድብም መልስ መስጠት ይቻል ነበር።

መልስ 9፦ መምህሩ ተመለሱ። ሕጉ እውነት መሆኑን አረጋገጡ፣ ግን እዚህ አይሠራም አሉ። ሴትዮዋ በጎን አልተሣለችም፣ ፊቷ ወደ እኛ ነው። አንዱ ዓይን የጎደለው በአሣሣሉ አይደለም፤ ጋዜጣው ስለሸፈነው ነው። መሸፈንና አለመኖር ይለያያሉ። ዲያቆኑንም ጥያቄው ተገቢ እንደነበረ ነገሩት።

መልስ 10፦ ካፌው አጠገብ የምትሠራ ልጅ የስልኳን መብራት ይዛ ሄደች። ከጎን ስታበራው ጋዜጣው ሥር ሁለተኛው ዓይን እንዳለ አየች። ጋዜጣ ስስ ነው። ኮላ ሲጠጣ ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። ዓይኑ በደንብ ተሥሎ ካለቀ በኋላ ነው የተሸፈነው። የጋዜጣው ቁራጭ የጨረታ ማስታወቂያ ገጽ መሆኑንም ነገረችን። ዲያቆኑ ከዚህ በኋላ ጥሩ ነገር ጨመረ። አሁን ይበልጥ ጠልሰም እንደመሰለችው፣ ዓይኑ የማይታየው ሰው ሳይሆን ከመጋረጃ ኋላ የሚያይ ሰው እንደሆነ ጻፈ።

መልስ 11፦ ለእኔ የውይይቱ ትልቁ መልስ ይህ ነው። የጻፈው ግንባታ ላይ የሚሠራ የሳኒተሪ፣ ማለትም የውኃና የፍሳሽ መስመር ባለሙያ ነው። ሁላችንም ስለ ከሰሉና ስለ ጭቃው ስንከራከር እሱ ያየው ወረቀቱን ነበር። ያገለገለ ወረቀት የተባለው የሕንፃ ፕላን ነው። የሕንፃ ፕላን ብቻም አይደለም። አንድ ሕንፃ ሲሠራ የአርክቴክቱ፣ የስትራክቸሩ፣ የኤሌክትሪኩና የሳኒተሪው ፕላን ለየብቻ ይታተማል። ይህኛው የሳኒተሪው ነው። ቀጥ ብለው ሄደው የሚታጠፉት ቀጫጭን መስመሮች ቧንቧዎች ናቸው። አጠገባቸው ያሉት 110 እና 50 የሚሉ ቁጥሮች የፍሳሽ ቧንቧ ስፋት በሚሊ ሜትር ናቸው። 110 ለሽንት ቤት፣ 50 ለእጅ መታጠቢያ ነው። ከእነሱ የቀጠኑት መስመሮች ንጹሕ ውኃ የሚያመጡት ናቸው።

ይህን ያነበበው የት እንደሆነ መናገር አለብኝ። ነጩ ክብ ውስጥ ነው። ላጲስ ከሰልን ይፍቃል፣ የታተመን መስመር ግን አይፍቅም። ሌላው የወረቀቱ ክፍል ሁሉ በከሰልና በቀለም ተሸፍኗል። ፕላኑ በግልጽ የሚታየው በክቡ ውስጥ ብቻ ነው። ጨረቃ ያልነው ነገር ወደ ወረቀቱ የተከፈተ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ውኃ በጀርባዋ የተሸከመችው ሴት የቆመችው ውኃ ቤት ድረስ እንደሚመጣ በሚናገር ወረቀት ላይ ነው። ማንም ምልክት ሳይፈታ፣ ማንም ሳይገምት፣ ወረቀቱን በማንበብ ብቻ ይህ ወጣ። አቋሜን ከእኔ በተሻለ ያስረዳልኝ ይህ ሰው ነው።

መልስ 12 እስከ 15፦ እዚህ ላይ ውይይቱ ከሥዕሉ ወጥቶ ሄደ። ቧንቧ ሲነሳ ሁሉም የየቤቱን አነሳ። አንዱ ውኃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ በተራ እንደሚነቁ ጻፈ። ሌላዋ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጄሪካን ማውጣት ወገቧን እንዳጎበጣት ነገረችን። አንዱ የጋራ ሞተር መግዣ መዋጮ ያልከፈሉ ጎረቤቶቹ ላይ ተነሳ፤ ከጎረቤቶቹ አንዱም እዚሁ ነበርና መለሰለት። አወያዩ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ጠየቀ። እኔ ግን ከርዕሱ ፈጽሞ ወጥተዋል አልልም። ሥዕሉ ይህን ሁሉ ሰው ስለ ገዛ ወገቡ እንዲናገር አድርጎታል።

መልስ 16፦ አቃቂ አካባቢ ቤተሰቦቹ ያርሱ የነበረ ሰው ነው። የጻፈው በዝግታ ነው፣ ምሬትም አለበት። የታችኛውን ጥቁር ሁላችንም ሌሊት፣ ጭቃ፣ ቆሻሻ ስንለው ቆይተናል። እሱ ሲያየው ዋልካ ነው። ያንን አፈር ከስንጥቁ ያውቀዋል። ዋልካ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሥዕሉ ላይም ከኮላ ጋር ተቀላቅሎ ሲደርቅ እንደ ማሳው ተሰነጣጥቋል። አባቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ በዚያ አፈር ላይ ሽምብራ ይዘሩ ነበር። ዛሬ ማሳው ላይ ብሎክ ቆሟል። ለእሱ ሴትዮዋ አትወጣም፣ አትገባምም። መሬቷ ላይ ነው ያለችው። ጥቁሩን ጨለማ ያልነው እኛ ነን፤ አፈር ጥቁር ቢሆንም ጨለማ አይደለም ባይ ነው።

የሳኒተሪ ባለሙያው ወዲያው ተከተለውና ከሥራው የሚያውቀውን ጨመረ። ዋልካ ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር ቤት አይሸከምም። ስለዚህ ግንባታ ሲጀመር ተቆፍሮ ይወጣል፣ በመኪና ይጫናል፣ በቦታው ሰሌክት የሚሉት የተመረጠ የሙሊት አፈር ይሞላል። ሠሪው እንግዲህ ለፕላኑ ሲባል የተጣለውን አፈር መልሶ ፕላኑ ላይ አድርጎታል። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አፈሩ እግሯን የሸፈነው እግር መሣል ስላቃተው እንዳልሆነ ከዚህ በኋላ የሚጠራጠር ይኖራል ብዬ አላምንም።

መልስ 17፦ ልጃቸው የጻፈችላቸው አንድ እናት ናቸው። ስለ ቀዩ ክር ብዙ ተብሎ ነበር። ደም ነው የሚል ነበር፣ እትብት ነው የሚልም ነበር፣ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ነው የሚልም አልጠፋም። እሳቸው ፎቶውን አጉልተው ሲያዩት ያዩት ስፌቱን ነው። በጆንያ መርፌ የተሰፋ ነው። የተቀደደ ማዳበሪያ እህል እንዳያፈስ የሚሰፋው እንደዚያ ነው፣ ሁለቱን ጫፍ አጣጥፎ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች። ወረቀቱ ከትከሻዋ ጀምሮ እስከ ታች ተቀዷል። ክሩ ያንን ቅዳጅ ይዞታል። ከረጢቱ ደግሞ ከኋላ የተደረገ መደገፊያ ነው፣ ጫፉ ብቻ ነው ወደ ፊት የሚታየው። ክሩ ከመወከሉ በፊት ሥራ አለው። ካልተሰፋ ሥዕሉ ለሁለት ይከፈላል። ልጅቷ እንደጻፈችው እማማ ይህን ሲናገሩ ትንሽ ገርሟቸዋል፣ ሁሉም ያውቀዋል ብለው ነበርና።

መልስ 18፦ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚወድ ሰው ገባ። ሥዕሉን ከትልልቆቹ ሠዓሊዎች ጋር አያያዘው። እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1964 በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የሠራው ሥራ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተገዝቷል። ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ እየደረደረ ይሥልበታል፣ ሥራዎቹም ከጠልሰም ብዙ ወስደዋል። ኤልያስ ስሜ ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎችና ቁልፎች ትልልቅ ሥራዎችን ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም የእሱና የመስከረም አሰግድ ሥራ ነው። ጁሊ ምህረቱ ደግሞ የሕንፃ ንድፎችን ከሥር አስቀምጣ በላያቸው በኢንክና በአክሪሊክ ትሠራለች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ጁሊ እዚሁ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንደተማረች ጻፈ።

መልስ 19፦ ተማሪዋ አረመችው። ጁሊ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ገና ልጅ ሳለች ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዳለች፣ ሥዕል የተማረችውም እዚያ ነው። ሥራዎቿ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ታይተዋል። ማነጻጸሩንም በጥንቃቄ እንድንይዘው ጠየቀች። በጁሊ ሥራ ውስጥ ከሥር ያለው ሕንፃ ራሷ አጥንታ የምታሠፍረው ንድፍ ነው። የቱሉ ዲምቱው ልጅ ግን ሌላ ሰው አትሞ የጨረሰውን ወረቀት ነው ያነሳው። አንዷ ንድፉን ታመጣለች፣ ሌላው ንድፉ ላይ ይደርሳል። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ወጣቱን ከታላላቆች ጎን ማሰለፍ ክብር ይመስላል፣ ግን የገዛ ሥራውን እንዳናይ ሊያደርገን ይችላል።

መልስ 20፦ አንዱ ትዕግሥቱ አለቀ። ሠሪው በሕይወት አለ፣ እዚያው ሠፈር ነው፣ ለምን አይጠየቅም? ይህ ሁሉ ግምት ለምን?

መልስ 21፦ ሌላው በዚያው ቃና መለሰለት። ሠሪው ማብራራት ቢፈልግ ርዕስ ይሰጠው ነበር። የጻፈው ግን የተሠራባቸውን ነገሮች ዝርዝር ብቻ ነው። ሁለቱ ትንሽ ተናከሱ። እኔ እዚህ መሃል ገብቼ የጻፍኩት ይህን ነው። ሠሪውን መጠየቅ ነውር የለውም፣ ቢናገር ደስ ይለኛል። ቃሉ ግን ከምስክሮቹ አንዱ ነው። እማማ ስፌቱን እንዳነበቡት፣ ባለሙያው ቧንቧውን እንዳነበበው ሠሪውም የሚያነበው ነገር ይኖረዋል። እሱ ስላልነገረን የቅዳጁ ስፌት ስፌት መሆኑ አይቀርም። የዘረዘረልን ነገርም ትንሽ አይደለም፤ አፈር ብሎ በግልጽ ጽፏል፣ እኛ ግን እስከ መልስ 16 ድረስ ሌሊት ስንለው ቆይተናል።

መልስ 22፦ ከዚህ በኋላ ጥሩ ተቃውሞ መጣ፣ ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው። የጻፈው ራሱ ሠዓሊ ነው። ስለ ፕላኑ የተባለውን ሁሉ አነበበና አንድ ቀላል ነገር አስታወሰን። ወፍራም የሥዕል ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው። የግንባታ ቦታ ያለበት ሠፈር ውስጥ ግን ያገለገለ ፕላን በነጻ ይገኛል። ወረቀቱ ትልቅ ነው፣ ጠንካራ ነው። እሱም ሥራ የጀመረው በእንደዚህ ዓይነት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ሠሪው ያገኘው ላይ ሠርቶ ይሆናል። ችግርን ፍልስፍና አናድርገው ባይ ነው።

መልስ 23፦ ይህን ማለፍ አልቻልኩም፣ ራሴ መለስኩ። ያገለገለ ወረቀት ለምን እንደተጠቀመ ችግር ያስረዳናል፣ እቀበላለሁ። ግን ሁለት ነገር አያስረዳም። ሠዓሊው እንደነገረን ሰው የሚሠራው በፕላኑ ጀርባ፣ በነጩ በኩል ነው። ይህ ልጅ የሠራው በታተመው በኩል ነው። ነጩን ገጽ ትቶ መስመር የሞላበትን መረጠ። ሁለተኛው ገመዱ ነው። ጄሪካኑን ያሰረችበት ገመድ ከእጇ ወጥቶ ነጩ ክብ ጋ ሲደርስ ከአንዱ የታተመ መስመር ጋር ይገጥማል። የተወሰነ ርቀት ገመዱና ቧንቧው አንድ መስመር ይሆናሉ። ሰውና ረቂቅ የሚሉት ሁለት ነገር እዚያ ጋ ሁለት አይደሉም። ገመድ ነው ብትለው ገመድ ነው፣ የፕላን መስመር ነው ብትለውም ነው። ችግር ወረቀቱን ሰጥቶታል፣ እሺ። እጇን የት እንደሚያሳርፍ ግን ችግር አልነገረውም።

ሠዓሊው ስለ ጀርባው የተባለውን ተቀበለ። ስለ ገመዱ ግን በዓይኑ ካላየ እንደማያምን ጻፈ። ትክክል ነው፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እላለሁ።

መልስ 24፦ አንዲት ሴት ሥዕሉን መግዛት ትፈልጋለች፣ ግን ፈርታለች። ይቆያል ወይ ብላ ጠየቀች። መምህሩ መለሱላት። የጋዜጣ ወረቀት ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይወይባል፣ ይሰባበራልም። ስለዚህ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። በክረምት እርጥበት የሚስብ የውጭ ግድግዳም አይሆንም። መስታወት ይደረግለት፣ ግን መስታወቱ ከሰሉን እንዳይነካ በመሃል ክፍተት ይተው። ከሰል መስታወት ላይ ይቀራል። ዋልካው ግን እየተሰነጠቀ መርገፉ አይቀርም። እንዲህ ያለ ሥራ የገዛ ሰው መለወጡንም አብሮ ይገዛል፣ እሱን አስባ እንድትወስን መከሯት። ዋጋ ስንት ነው የሚል ጥያቄም ተነስቶ ነበር፤ እሱ ለካፌው ባለቤትና ለሠሪው የተተወ ነው።

መልስ 25፦ መልስ 4 ላይ የተቆጣው ሰው ተመለሰ። አድናቆት አልጻፈም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። አሁንም ሥዕሉን ቤቱ እንደማይሰቅል ተናገረ። የጠየቀው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። አራት ማዕዘኖቹስ? ሁሉም ነገር ከወረቀቱና ከአፈሩ ከተነበበ፣ ግራጫዎቹ አራት ማዕዘኖች ከምን ተሠሩ? መስኮት ይሁኑ ሮቶ ክርክሩ ተነስቶ ሳያልቅ ቀርቷል። ተማሪዋ በአክሪሊክ የተቀቡ መሆናቸውን ብቻ እርግጠኛ ናት። ከሥራቸው ፕላኑ ላይ ምን እንዳለ ማንም አላየም፣ ምክንያቱም ቀለሙ ይሸፍነዋል። የሳኒተሪ ባለሙያው እዚያ ቦታ ላይ የፕላኑ ርዕስና የማኅተም ሳጥን መኖር ነበረበት ብሎ አያምንም፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በታች በቀኝ በኩል ነው የሚታተመው። ወረቀቱ ተገልብጦ ከሆነ ግን ላይ በግራ ይውላል።

መልስ 26፦ በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ጠዋት አብረን ልንሄድ ተነጋግረናል። ከቃሊቲ በሚነሳው ታክሲ ነው የምንገናኘው። ዲያቆኑ ቅዳሴ ስላለው ዘግይቶ ይደርሳል። መልስ 4ም እመጣለሁ ብሏል። ሠዓሊው ገመዱን ሊያይ፣ ባለሙያው ቁጥሮቹ ተገልብጠው እንደሆነ ሊያረጋግጥ ነው። የካፌው ባለቤት ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዶ መስኮት አጠገብ ሊያስቀምጥልን ተስማምቷል። መምህሩ አንድ ማሳሰቢያ ጨምረዋል፤ ማንም ሰው ዋልካውን በጣቱ እንዳይነካ፣ ሲያጎነብስም እንዳይተነፍስበት ይጠንቀቅ።